ሚሞሪው ሞላ፤ ማን ፈቀደ?

ቅዳሜ ረፋድ የላሊበላ ገበያ ሲሟሟቅ፣ ከብልባላ፣ ከሹምሽሃና ከገነተ ማርያም በኩል የመጣው ገበያተኛ ገብሱንና ማሩን፣ ዶሮውንና ፍየሉን ሸጦ ሲያበቃ ጎራ ከሚልባቸው ቤቶች አንዱ የስልክ ሱቅ ነው። ስልክ ሊገዛ አይደለም፤ ሚሞሪ ሊያስሞላ ነው። በሩ ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ዘፈንና መዝሙር እንጭናለን»። ውስጡ ጠባብ ነው። ግድግዳው በቻርጀርና በጆሮ ማዳመጫ ተሸፍኗል፤ ጠረጴዛው ላይ ካርድ ማንበቢያ የተሰካበት ያረጀ ላፕቶፕ ተቀምጧል።

ጋቢ የደረቡ አንድ አዛውንት የቁልፍ ስልካቸውን ጀርባ ከፈቱ፤ ጥፍር የምታህለውን ካርድ አውጥተው ሱቁን ለያዘው ልጅ ሰጡት።

«ምን ልጫንልዎት አባቴ?»

«የማሲንቆውን፣ የድሮውን። ቦታ ከተረፈ መዝሙር አድርግበት፤ ባለቤቴ ትሰማዋለች።»

ልጁ «የድሮ» የሚል ፎልደር ከፈተ፣ ሁሉንም መረጠና ገለበጠ። ወዲያው «መዝሙር» የሚለውን ደገመ። ሂሳቡ ተከፈለ፣ አዛውንቱ መርቀው ወጡ። ከተከፈለው ገንዘብ ግጥሙን ለጻፈው፣ ዜማውን ለደረሰው፣ ማሲንቆውን ለመታው ወይም ድምፁን ላስቀረፀው የሚደርስ አንድም ሳንቲም የለም። ይህን ሳነሳበት ልጁ አልተቆጣም። «ምን ላድርግ ታዲያ? ኢንተርኔት ላይ በነፃ የተለቀቀ ነው። እኔ አውርጄ ነው የምጭነው» አለኝ።

ብዙ ሰው የሚያስበው እንደሱ ነው። በነፃ የሚገኘው ሁሉ የተፈቀደ ይመስለናል። እኔ ደግሞ የመጣሁት ነፃ የሙዚቃ ማውረጃ ሶፍትዌሮችን ከሕግ ሳልወጣ መጠቀም ይቻል እንደሆነ ለመሞከር ነበር። ልጁ ላፕቶፑን ፈቀደልኝ፤ ገበያው እስኪቀዘቅዝ እየጠበቅን አብረን ሞከርነው።

አንቀጽ 9

ማንኛውንም ማውረጃ ከመክፈታችን በፊት ሕጉን ማየት ነበረብን። ይህን ጉዳይ የሚገዛው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ በ2007 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። አዋጁ በአንድ ዘፈን ውስጥ ከአንድ በላይ ባለመብት ያያል። ግጥሙንና ዜማውን የፈጠረው የሥራ አመንጪ ይባላል። የዘፈነውና መሣሪያ የተጫወተው ከዋኝ ነው። ድምፁን ያስቀረፀው ደግሞ ፕሮዲዩሰሩ ነው። የአመንጪው መብት ዕድሜ ልኩንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል፤ የከዋኙና የፕሮዲዩሰሩ መብት ከቀረፃው ወይም ከኅትመቱ ጀምሮ 50 ዓመት ይዘልቃል።

ለተራው አድማጭ ዋናው ድንጋጌ አንቀጽ 9 ነው። አንድ ሰው ለግል ጥቅሙ ብቻ፣ ለሕዝብ የወጣን ሥራ በአንድ ቅጂ ቢያባዛ ባለመብቱ ሊከለክለው እንደማይችል ይደነግጋል። ይሁንና ፈቃዱ ወሰን አለው። የኮምፒውተር ፕሮግራምን አይጨምርም። የባለመብቱን ሕጋዊ ጥቅም ያላግባብ የሚጎዳ ቅጂም በዚህ አንቀጽ ጥላ ሥር አይገባም።

በዚህ መሠረት አዛውንቱ በገንዘባቸው ከገዙት ሲዲ ላይ አንድ ቅጂ ወደ ሚሞሪያቸው ቢያስገቡ የሚከሳቸው የለም። ልጁ ግን ሌላ ነው። የሚገለብጠው ለራሱ አይደለም፤ አንድ ቅጂም አይደለም፤ በዚያ ላይ ያስከፍልበታል። ሦስቱም ከአንቀጽ 9 ያስወጡታል። የ1996ቱ አዋጅ ሲወጣ ሆን ብሎ መብት ለጣሰ ሰው የደነገገው ቅጣት ከ5 እስከ 10 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ነበር። ልጁ ይህን ሲሰማ ፎልደሩን ዘጋና «እንግዲያው የከተማው ሱቅ በሙሉ ሊታሰር ነው» ብሎ ሳቀ። ከሳቁ በስተጀርባ ያለው ግን እውነት ነው። ሁሉም የሚጥሰው ሕግ ማንንም አያስፈራም፤ ባለመብቱንም አይጠቅምም።

ከሸክላ እስከ ሚሞሪ

የሙዚቃ ቅጂ ውዝግብ በአገራችን የጀመረው በኢንተርኔት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ድንጋጌ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብትን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አምኃ እሸቴ የተባለ ወጣት የሙዚቃ ነጋዴ ይህን ብቸኛ መብት ደፍሮ አምኃ ሪከርድስን አቋቋመ፤ የመጀመሪያዎቹን ሸክላዎች ሕንድ አገር አሳትሞ አመጣ። ድርጅቱ እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ባለሁለት ዘፈን ሸክላዎችንና 12 ረጃጅም ሸክላዎችን አወጣ። ዛሬ ዓለም የኢትዮጵያ ሙዚቃ ወርቃማ ዘመን የሚለውን ድምፅ ያገኘነው ሕጉን በመጣስ ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ አምኃ የጣሰው የአንድ ተቋም ብቸኛ የንግድ መብትን መሆኑ ነው፤ የዘፋኙን ላብ አልወሰደም።

ከዚያ ካሴት መጣ። ካሴት ለማባዛት ፋብሪካ አያስፈልግም፤ ባለሁለት ማጫወቻ ቴፕ ይበቃል። አዲስ ካሴት ሰኞ ሲወጣ ማክሰኞ በየሙዚቃ ቤቱ ይቀዳ ነበር። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት የሚደነግጉ አንቀጾች ቢኖሩትም ቀጂውን የሚያቆም ጉልበት አልነበራቸውም። በ1995 ዓ.ም ድምፃውያንና አሳታሚዎች አዲስ ሥራ አናወጣም ብለው ለወራት እስከማመፅ ደረሱ። የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት በዚያው ዓመት በአዋጅ ተቋቋመ፤ በዓመቱ ደግሞ አዋጅ 410 ወጣ።

ሕጉ ሲወጣ ካሴት እየሞተ ነበር። ሲዲ ተተካ፣ ከሲዲ ፍላሽ፣ ከፍላሽ ሚሞሪ፣ ከሚሞሪ ዜንደርና ቴሌግራም። ሙዚቀኞቹም ዝም አላሉም። ግንቦት 2011 ላይ ኤልያስ መልካ፣ ኃይሌ ሩትስ፣ ጆኒ ራጋና ዳዊት ንጉሡ «አውታር» የተባለውን መተግበሪያ ይዘው ብቅ አሉ። አድማጩ ዘፈኑን በስልኩ ሂሳብ ከፍሎ እንዲያወርድና ገንዘቡ ለባለሙያው እንዲደርስ የታሰበ ነበር። ኤልያስ ግን ፍሬውን ብዙም ሳያይ በመስከረም 2012 አረፈ።

ላሊበላ ባለችበት በላስታ ለሚኖር ሰው ደግሞ ከስልክ በቀጥታ መስማት ሁልጊዜ የሚሆን ነገር አይደለም። ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ የሰሜኑ ጦርነት ወደ ከተማዋ ሲገባ መብራቱም ስልኩም ጠፍቷል። ከ2015 ክረምት በኋላም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ከርሟል። በእነዚያ ወራት ሙዚቃ ማለት ሚሞሪ ላይ ያለው ብቻ ነበር። ስለዚህ ማውረድና ማስቀመጥ እዚህ የቅንጦት ጉዳይ ሆኖ አያውቅም።

መሣሪያው ምን አጠፋ?

ልጁ ለማውረድ የሚጠቀመው ብዙ ሰው የሚያውቀውን አይዲኤም ነው። ገዝተኸዋል ወይ ስለው «ክራክ ነው እንጂ ማን ይገዛዋል» አለ። አይዲኤም ዋጋ ያለው ሶፍትዌር ነው፤ አንቀጽ 9 ደግሞ የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከግል ቅጂ ፈቃድ አስወጥቶታል። ስለዚህ የተፈቀደ ዘፈን በተሰበረ አይዲኤም ማውረድ አንዱን ጥሰት በሌላ መተካት ይሆናል። አነሳነውና ያለ ክፍያ የሚሰጠውን ፍሪ ዳውንሎድ ማናጀርን ጫንን። የአይዲኤምን ዋና ሥራ ይሠራል፦ መስመር ሲቋረጥ የወረደውን አይጥልም፣ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። ላሊበላ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚፈለግ ነገር የለም። ቀጥሎ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነውን ዋይቲ-ዲኤልፒ የተባለ ማውረጃ ጨመርን። መስኮትም ቁልፍም የለውም፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ እየጻፉ የሚያሠሩት ነው። ልጁ መጀመሪያ ቢሸሸውም ወዲያው ለመደው።

እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ራሳቸው ሕገ ወጥ ናቸው ወይ የሚለው ጥያቄ በሌላው ዓለም ፍርድ ቤት ሲመላለስ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1984 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሶኒ ቤታማክስ የቪዲዮ መቅጃ ጉዳይ፣ አንድ መሣሪያ በቂ ሕጋዊ ጥቅም እስካለው ድረስ አምራቹ በተጠቃሚው ጥፋት አይጠየቅም አለ። በ2001 ግን የሙዚቃ መለዋወጫው ናፕስተር ተዘጋ፤ የሚያልፍበትን የተጣሰ ሙዚቃ ያውቅ ነበር፣ መከልከልም ይችል ነበር ተብሎ። በ2005 ሌላው የፋይል መለዋወጫ ግሮክስተር ተረታ፤ ተጠቃሚውን ለጥሰት ጋብዟል ተብሎ። በጥቅምት 2020 የአሜሪካ የሙዚቃ ቀረፃ ኢንዱስትሪ ማኅበር የዋይቲ-ዲኤልፒ አባት የሆነው ዩትዩብ-ዲኤል ከኮድ ማከማቻው ጊትሃብ እንዲነሳ አስደረገ። በወሩ ጊትሃብ መልሶ ሰቀለው፤ እንዲህ ያለ ክስ ለሚገጥማቸው ፕሮግራመሮችም አንድ ሚሊዮን ዶላር መደበ። ከእነዚህ ሁሉ ለተጠቃሚው የሚወጣው መልእክት አንድ ነው። ጥያቄው ያለው መሣሪያው ላይ አይደለም፤ የምታወርደው ሥራ ፈቃድና ከወረደ በኋላ የምታደርገው ነገር ላይ ነው።

ዩትዩብን በተመለከተ ግን ተጨማሪ አጥር አለ። የአገልግሎት ውሉ ዩትዩብ ራሱ የማውረጃ ቁልፍ ካላሳየህ ወይም ዩትዩብና ባለመብቱ በጽሑፍ ካልፈቀዱ በስተቀር ማውረድን ይከለክላል። ይህ ውል እንጂ አዋጅ አይደለም፤ ቢሆንም ውል ነው። ስለዚህ የመረጥነው መንገድ ዩትዩብን ለፍለጋ ብቻ መጠቀም ሆነ። በፍለጋው ማጣሪያ ውስጥ «ክሪኤቲቭ ኮመንስ» የሚል የፈቃድ ምርጫ አለ፤ ዋይቲ-ዲኤልፒም ምንም ሳያወርድ የአንድን ቪዲዮ ፈቃድ አንብቦ ይነግርሃል። ፈቃድ ያለው ሥራ ስናገኝ ባለቤቱ ራሱ ማውረጃ ያስቀመጠበትን ገጽ ፈልገን ከዚያ እናወርዳለን።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የታወቀ ድምፃዊን ዘፈን የሰቀለ ማንም ሰው ከሥሩ «እንደፈለጋችሁ ተጠቀሙበት» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። የራሱ ያልሆነውን የፈቀደ ሰው ፈቃድ ግን ዋጋ የለውም። በአማርኛ ዘፈኖች ላይ ካየናቸው ፈቃዶች ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ነበሩ፤ ዘፈኑ የአንዱ፣ ቻናሉ የሌላ። እነዚያን ሁሉ ዘለልናቸው።

ልጁን ከሕጉ በላይ ያስገረመው ሌላ ነገር ነው። ደንበኞቹ «ባለ 320 ይሁንልኝ» ይሉታል፤ ማውረጃውም 320 የሚል ምርጫ ያቀርብለታል። ዩትዩብ ላይ ያለው ድምፅ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ ከ128 እስከ 160 ኪሎቢት ገደማ ነው። ወደ 320 ሲቀየር የጠፋው ድምፅ አይመለስም፤ ፋይሉ ብቻ ያብጣል። የአምስት ደቂቃ ዘፈን በ128 አምስት ሜጋባይት አይሞላም፤ በ320 ወደ 12 ይደርሳል። በመጀመሪያው 4 ጊጋባይት ሚሞሪ 800 ያህል ዘፈን ይይዛል፤ በሁለተኛው ከግማሹም በታች። «ስንት ሚሞሪ በባዶ ነገር ሞላሁ» አለ ልጁ።

በስልክ ላይ ያለው አደጋ ደግሞ ከጥራት ይከፋል። ብዙዎቹ ማውረጃዎች ከፕሌይ ስቶር ውጭ፣ ከጓደኛ በዜንደር የሚተላለፉ ናቸው። ምንጫቸው አይታወቅም፤ ገና ሲጫኑ የአድራሻ መዝገብህንና መልእክትህን ለማንበብ ፈቃድ ይጠይቃሉ። አፕስትሪም የተባለው የሞባይል ደኅንነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ቪድሜትና ስናፕቲዩብ የተባሉት ማውረጃዎች ተጠቃሚው ሳያውቅ ማስታወቂያ እንደሚጫኑና የሚያስከፍል አገልግሎት ለመመዝገብ እንደሚሞክሩ የሚያሳይ እንቅስቃሴ አግኝቻለሁ ብሎ ነበር፤ የመተግበሪያዎቹ ባለቤቶች ጥፋቱን በሌላ አካል በተሠራ ኮድ ላይ አሳበዋል። የካርድ ሂሳቡ ሳይደውል እያለቀ የሚያማርር ሰው መጀመሪያ ስልኩ ላይ ከየት እንደመጣ የማያውቀው ማውረጃ መኖሩን ቢያይ ደግ ነው። ክፍት ኮድ ያላቸውን መተግበሪያዎች ብቻ የሚያከማቸው ኤፍ-ድሮይድ ለዚህ የተሻለ ምንጭ ነው።

የተፈቀደው የት አለ?

ክሪኤቲቭ ኮመንስ እ.ኤ.አ. በ2001 ተመሥርቶ በ2002 መጨረሻ የመጀመሪያዎቹን ፈቃዶች አወጣ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ባለመብቱ መብቱን ሳይጥል ምን ምን እንደፈቀደ አስቀድሞ ይናገራል። አንዱ ፈቃድ «ስሜን ጥቀስ፤ የቀረው እንዳሻህ» ይላል። ሌላው «አትሽጠው» የሚል ይጨምራል። ሦስተኛው «አትለውጠው» ይላል። አራተኛው «ከሱ ተነስተህ አዲስ ከሠራህ አንተም በዚሁ ፈቃድ አውጣው» ይላል። እንደ ልጁ ላለ ነጋዴ ልዩነቱ ትልቅ ነው፦ «አትሽጠው» የሚል ምልክት ያለበትን ዘፈን አስከፍሎ መጫን አይችልም፤ ስም መጥቀስ ብቻ የሚጠይቀውን ግን ይችላል።

ኢንተርኔት አርካይቭ፣ ጃመንዶና ፍሪ ሚውዚክ አርካይቭ እንዲህ ያሉ ሥራዎች የሚገኙባቸው ናቸው። ባንድካምፕ ላይ ደግሞ ሙዚቀኛው ዋጋውን ዜሮ አድርጎ ወይም «የፈቀድከውን ክፈል» ብሎ ማስቀመጥ ይችላል። ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ ያለው ሁሉ የተፈቀደ ስላልሆነ በየሥራው ሥር የተጻፈውን ፈቃድ ማንበብ ግዴታ ነው። ለሙከራ የወሰድነው ጀርመን-ጃፓናዊቷ ፒያኒስት ኪሚኮ ኢሺዛካ እ.ኤ.አ. በ2012 ተጫውታ ለዓለም ሕዝብ ያለ አንዳች ቅድመ ሁኔታ የለቀቀችውን የባኽ ጎልድበርግ ቫሪየሽንስ ነው። መስመሩ መሐል ላይ ተቋረጠ፤ ተመልሶ ሲመጣ ማውረጃው ካቆመበት ቀጠለ። ልጁ ትንሽ ሰማና «ጥሩ ነው። ግን ማን ይገዛኛል?» አለ።

እውነቱን ነው። በሕግ ነፃ የሆነው ሙዚቃ ሞልቷል፤ የላስታ ገበያተኛ የሚፈልገው ግን ውስጡ የለም። ፈቃድ በግልጽ የተጻፈበት የአማርኛ ዘፈን በጣም ጥቂት ነው።

ጊዜው በማለፉ ነፃ የሆነውን ስንፈልግ ግን አንድ ዕንቁ አገኘን። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 ዐፄ ምኒልክ ለትምህርት ወደ ጀርመን ከላኳቸው አንዱ ነበሩ። እዚያ ሳሉ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረፁ፤ የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅጂዎች ተብለው የሚጠቀሱት እነዚያ ናቸው።  ነጋድራስ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1964 ስለሆነ የድርሰት መብታቸው 50 ዓመት በ2014 አልቋል፤ የቀረፃው መብት ካለቀ ደግሞ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። በአሜሪካ ሕግም ከ1923 በፊት የታተመ የድምፅ ቅጂ ሁሉ ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ የሕዝብ ሆኗል። ኢትዮፒክስ የተሰኘው ተከታታይ ኅትመት ሸክላዎቹን አሰባስቦ 27ኛ ቁጥር አድርጎ አውጥቷቸዋል፤ አቅም ያለው ያንን ቢገዛ የለፋውን ያግዛል። ዋናዎቹ ሸክላዎች ግን የማንም ናቸው።

ልጁ ወዲያው «እንግዲያው የነጥላሁንም የድሮ ሸክላ ነፃ ወጥቷላ!» አለ። አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ1969 የታተመ ሸክላ የፕሮዲዩሰሩና የከዋኙ 50 ዓመት አልቆ ሊሆን ይችላል። የግጥሙና የዜማው ደራሲ ግን በሕይወት ካለ፣ ወይም ከሞተ 50 ዓመት ካልሞላው፣ ዘፈኑ አሁንም ባለቤት አለው። ከሦስቱ በሮች ሁለቱ ቢከፈቱ ሦስተኛው ዝግ ነው።

አሸንድዬ የማን ናት?

ስለ ላስታ የራሱ ድምፅስ? በነሐሴ 16 ፍልሰታ ሲፈታ የላሊበላና የአካባቢው ልጃገረዶች ወገባቸው ላይ ቄጤማውን አስረው አሸንድዬ ይጫወታሉ። ዋግ ሻደይ፣ ራያ ቆቦ ሶለል የሚሉት ጨዋታ እኅቷ ነው። የአሸንድዬን ዜማ ደራሲ ማንም አያውቅም፤ ከእናት ለልጅ የወረደ ነው። ማንኛዋም ልጃገረድ ብትዘፍነው ፈቃድ አትጠይቅም። አንድ ስቱዲዮ አቀናብሮ፣ ድምፃዊት መርጦ ያወጣው የአሸንድዬ ክሊፕ ግን የስቱዲዮውና የድምፃዊቷ ነው። ዜማው የሁሉ፣ ቅጂው የአንዱ።

የቤተ ክርስቲያኑም እንዲሁ ነው። በገና ዕለት ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ፣ ከላይ ከማሜ ጋራ ከታች ከግቢው ሆነው ቤዛ ኩሉ ሲያሸበሽቡ ሺህ ስልክ ወደ ላይ ይነሳል። የያሬድን ዜማ የኔ ነው የሚል የለም። አንድ ማኅበር ወይም መዘምር በስቱዲዮ ያስቀረፀው መዝሙር ግን እንደ ማንኛውም ዘፈን ባለመብት አለው። «መዝሙር እኮ ለነፍስ ነው፤ ለምን ይከለከላል?» የሚለው መከራከሪያ ለሚያዳምጠው ያስኬድ ይሆናል፤ በገንዘብ ለሚጭነው አያስኬድም።

በጠጅ ቤቱ ማሲንቆውን ይዞ እንግዳውን በስሙ እየጠራ የሚገጥም አዝማሪ ደግሞ በሕጉ ፊት ከታላላቆቹ ድምፃውያን አያንስም። እዚያው የፈጠረው ግጥም ከተቀረፀ የሱ ነው፤ ጨዋታውን መቅረፅና ማባዛትም የሚፈቅደው ወይም የሚከለክለው እሱ ነው። ቱሪስቱ ለማስታወሻ በስልኩ ሲቀርፀው ሽልማቱን ግንባሩ ላይ ይለጥፋል። ቀረፃው ዩትዩብ ላይ ወጥቶ ገንዘብ ሲያመጣ ግን አዝማሪው የሚሰማው የለም።

የባሕር ዳሩ ካሴት

በነፃ ማውረድና ባለሙያውን ማክበር አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ የሚያሳየው ታሪክ ከዚህ ሩቅ አይደለም። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአፍሪካ የሰበሰባቸውን ካሴቶች ያለ ክፍያ በኢንተርኔት ያስወርድ ነበር። ማንንም አላስፈቀደም። ቆይቶ ይህ እንደማያዋጣ ገባውና «ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» የተባለ አሳታሚ ድርጅት አቋቋመ፤ ባለሙያዎቹን እየፈለገ ትርፉን እኩል ለእኩል ይካፈል ጀመር። በ2013 ባሕር ዳር ውስጥ አንድ አሮጌ ካሴት አገኘ፤ የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1985 በአኮርዲዮንና በሲንተሳይዘር የተጫወተው ነበር። ኃይሉን ፈልጎ በስልክ ሲያገኘው ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዳል። ካሴቱ በዚያው ዓመት እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ፣ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ።

የዚህ ሰው ታሪክ ለላሊበላው ልጅ የሚነግረው ነገር አለ። ያንኑ ሙዚቃ፣ በዚያው ኢንተርኔት፣ ያው ሰው አሰራጨው። ልዩነቱን ያመጣው አንድ የስልክ ጥሪ ነው።

መውጫው

ማውረጃዎቹ ይሠራሉ፤ ከሕግ ሳይወጡም ይሠራሉ። የሚጎድለው ፈቃድ ያለው የአማርኛ ሙዚቃና ፈቃድ የሚሰጥበት ቀላል መንገድ ነው። የ2007ቱ ማሻሻያ ባለመብቶች በጋራ አስተዳደር ማኅበር በኩል ሮያሊቲ እንዲሰበስቡ በሩን ከፍቷል፤ የሙዚቃው ዘርፍም የራሱን ማኅበር መሥርቷል። እስካሁን ዓይኑ ያለው በሬዲዮና ቴሌቪዥን፣ በሆቴልና በትልልቅ ከፋዮች ላይ ነው። ሚሞሪ የሚሞሉ ሱቆች ግን በየወረዳው አሉ። ለእነሱ አቅማቸውን ያገናዘበ፣ በዓመት አንድ ጊዜ የሚከፈል ፈቃድ ቢኖር፣ ዛሬ ምንም የማያገኘው ደራሲ ጥቂት ማግኘት ይጀምራል፤ ልጁም በሩ ላይ የለጠፈውን ወረቀት ሳይሳቀቅ ይለጥፋል። «ተመጣጣኝ ከሆነ እከፍላለሁ። የማንን በር እንደማንኳኳ ነው የማላውቀው» ብሎኛል። እስከዚያው ላፕቶፑ ላይ «የተፈቀደ» የሚል አዲስ ፎልደር ከፍቷል። ገና ብዙ ነገር የለበትም።

ያን ፎልደር መሙላት የሚችሉት ማኅበሩን መጠበቅ የማያስፈልጋቸው የላስታ ልጆች ናቸው። በራሱ ስልክ ቀርፆ በቴሌግራም የሚለቅ ወጣት ማሲንቆ ተጫዋች አለ፤ አሸንድዬን በራሷ ድምፅ የምታወጣ ልጅ አለች። ሥራቸው እንዲዳረስ ይፈልጋሉ፤ ማንም እንዲሸጥባቸው ግን አይፈልጉም። ዘፈኑን በሚለቁበት ጽሑፍ ሥር ይህን ቢጨምሩ ይበቃቸዋል፦ «ግጥሙም፣ ዜማውም፣ ቅጂውም የኔ ነው። ለግል ማውረድና ለሌላ ማካፈል ፈቅጃለሁ፤ ስሜን ጥቀሱ። አስከፍሎ ለመጫን ግን ቅድሚያ ደውሉልኝ።» ከሥሩ ስልክ ቁጥር ያስቀምጡ። ጠበቃም፣ ማኅተምም፣ ገንዘብም አይጠይቅም፤ ባለሱቁም ከዚያ በኋላ የሚያንኳኳው በር የት እንዳለ ያውቃል።